ያልተጠየቀችው

ማክሰኞ ጠዋት የረድኤት መስታወት ምንም ሊሸጥላት አልሞከረም።

ሌላ ቀን ቢሆን ገና ፊቷን ሳትታጠብ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት አይቶ ቅባት ያቀርብላታል። ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷን ተመልክቶ ሐኪም ይመርጥላታል። ትናንትማ "ሽበትሽ በግራ በኩል በዝቷል" ብሏት ተጣልተው ነው ከቤት የወጣችው። ዛሬ ግን መስታወት ብቻ ሆኖ ቆመ፤ ፊቷን አሳያትና ዝም አለ። ወደ ማድ ቤት ሄደች። ማቀዝቀዣው ስለ ወተት አልለፈለፈም። የሳሎኑ ግድግዳ ባዶ ነጭ ነበር።

በኮምቦልቻ የዚህን ትርጉም የማያውቅ ሰው የለም። "ማስታወቂያ ሲወጣ ለቅሶ ይገባል" ይባላል። አጋር ሐዘንተኛን በገበያ እንደማይረብሽ በውሉ ቃል ገብቷል፤ ቃሉንም ይጠብቃል፣ ሐዘንተኛው ሐዘንተኛ መሆኑን ገና ባያውቅም።

አጋር በሩን የሚከፍተው፣ አውቶቡሱን የሚነዳው፣ ደመወዝ የሚያስገባውና የእድሩን መዋጮ የሚሰበስበው ኩባንያ ነው። ከእድሩ ጋር የተዋዋለው ሰዉ ራሱ ለምኖት ነው። ድሮ አንዱ የእናቱን ሞት ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከማያውቀው ሰው በተላከ "ነፍስ ይማር" ያነብ ነበር። ሌላው ሕንፃ ላይ ቆሞ ያነብና ይወድቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። መርዶ ወግ አለው፣ ማታ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም አሉ። አጋር ሰማቸውና "ማቆያ" የተባለውን አገልግሎት አመጣ። ሰው ሲሞት ዜናው ለሐዘኑ ባለቤት እንዳይደርስ ያቆየዋል፤ መልእክት ያግዳል፣ ወሬ ያጣራል። ባለቤቱ ለሟቹ ቢደውል ደግሞ በሟቹ ድምፅ ይመልስለታል። አጋር ይህንን ማረጋጋት ይለዋል። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ደጅ ደርሰው መርዶውን ሲናገሩ ድምፁ ይዘጋል። ጉዳዩ ለእድሩ ጉባኤ በቀረበ ቀን እልል ካሉት ሴቶች አንዷ ረድኤት ነበረች።

ረድኤት ተመልሳ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ከተነሳሽ ቆይተሻል፤ እህል ቀምሰሻል?" አለች እናቷ በጆሮዋ።

እናቷ ወይዘሮ ሄርሜላ ሐይቅ ከተማ ለብቻዋ ትኖራለች። እናትና ልጅ ጠዋት መስመሩን ይከፍቱና እስከ መኝታ አይዘጉትም። ከምስር በምታንሰው፣ ጠብታ በሚሏት የጆሮ ማዳመጫ አንዷ የሌላዋን የቤት ሥራ እየሰማች ትውላለች፤ ያወራሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ዝም ይላሉ። ወይዘሮ ሄርሜላ ቀኗን የምትጀምረው "እህል ቀምሰሻል?" ብላ ነው። ሰው ለረድኤት በደወለ ቁጥር ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ አላት፦ "ጠየቀኝ?" ሰው ሳይጠይቃት የዋለ እንደሆነ ታኮርፋለች። ረድኤትም ሰው ጠየቃትም አልጠየቃትም "ጠይቆሻል እማዬ" ማለት ልማዷ ነው።

"እማዬ፣ መስታወቱ ዝም አለ።"

"ተበላሽቶ ይሆናላ። ዕቃ አይደል?"

"ማቀዝቀዣውም፣ ግድግዳውም ዝም ብሏል።"

"ተይ እስቲ፣ ክፉ አታስቢ። ለናሆም ደውዪለት፤ ልብሽ ይረፍ።"

ናሆም አንድ ልጇ ነው። ሰመራ በረሃ ላይ ረጃጅም የፀሐይ ማማዎች ላይ እየወጣ ይሠራል። ገና ስሙ ሲጠራ የረድኤት እንባ መጣ። እናቷ ለቅሶዋን እንዳትሰማ "ቆይ እማዬ" ብላ ጠብታዋን ከጆሮዋ አውጥታ ኪሷ ከተተችና በግድግዳው በኩል ደወለች።

"ሃሎ እማ" አለ ናሆም።

ድምፁ የእሱ ነው። ያስፈራትም ይኸው ነው። ካሌብ ትዝ አላት። ካሌብ ጎረቤቷ ነው፤ አምና ሆስፒታል የተኛችው ሚስቱ ስትሞት መርዶ ሊነግሩት በማለዳ ከሄዱት አንዷ ረድኤት ነበረች። በሩን በፈገግታ ነው የከፈተላቸው። ሽማግሌው ሲናገሩ ሳቀ። "ምን ነክቷችኋል? አሁን እኮ አነጋገርኳት! ምን ይዤልሽ ልምጣ ስላት አጥሚት አለችኝ!" ሚስቱ ካረፈች አንድ ቀን አልፏታል። ረድኤት አንድ ክንዱን ይዛ ነበር። ሲያስቀምጡትም፣ ውሃ ሲያጠጡትም "አጥሚት አለችኝ እኮ" ይል ነበር።

"ናሆሜ፣ ትንሽ ልጅ እያለህ አልጋ ሥር የደበቅከው ምን ነበር?"

"ምን አስታወሰሽ? ኤሊዋን ነዋ። ሻምበል ብለናት። ጎመን እየሰረቅኩ ሳበላት ይዘሽኝ አይደል?" ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

ልክ ነው። ሻምበል ናት፤ ጎመንም ነው። ደስ ሊላት አለና ክው አለች። ይህን ወሬ በየበዓሉ፣ እዚሁ ሳሎን፣ እዚሁ ግድግዳ ፊት ስንቴ አውርተውታል? ግድግዳ ጆሮ አለው ማለት ድሮ ተረት ነበር። አጋር ያልሰማው፣ እሷና ልጇ ብቻ የሚያውቁት አንድ ነገር ከሕይወቷ ፈለገች። ልጇን ያባበለችበት ዘፈን፣ ከአባቱ ጋር የተጣሉባት ማታ፣ ክርስትና ሲነሳ ቄሱ በጆሮዋ ያሏት ስም፣ ሁሉም አጋር ባለበት የተባለ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፏት፣ ልጇን ከማሽን የምትለይበት አንዲት ምስጢር አልነበራትም። ራቁቷን አደባባይ እንደቆመች ተሰማት።

"እማ?" አለ ናሆም። "እህል ቀምሰሻል?"

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ናሆም በዕድሜው ይህን ጠይቋት አያውቅም። መርዶውን የያዘው የአጋር ጥያቄ መሰላት። መስመሩን ዘጋችው።

በዓይኔ ካላየሁት አላምንም ብላ ወጣች። የአውቶቡሱ በር ፊቷን አይቶ አልተከፈተም። "ወደ ሰመራ ለዛሬ ቦታ የለም" አላት፤ በመስኮቱ ግን ባዶ ወንበሮች ይታዩ ነበር። "ከነገ ረፋድ ጀምሮ አለ። እንያዝልሽ?"

ከነገ ረፋድ ጀምሮ። እንግዲያው ነገ ማለዳ ነው የሚመጡት።

እግሯ ወደ ሥራ ቦታዋ መራት። የሹሩባ ቤት አላት፤ ከእሷ ጋር ሁለት ሴቶች ይሠራሉ። ሌላ ቀን በወሬና በሳቅ ጣሪያ የሚነቅሉት ሴቶች ያን ቀን ስትገባ ተነስተው ወንበር ለቀቁላት። አንዷ ሻይ፣ አንዷ ዳቦ አቀረበችላት። ደንበኞቹ ሳይቀሩ "ብይ እንጂ" ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ስለ ሆዷ ተጨነቀ። "ልክ ነኝ፣ በልቻለሁ" እያለች ሳትነካው ዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው፤ ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ፎዚያ መጣች። ፎዚያ ሰላምታ ከጀመረች ዘመድ አዝማዱን አንድ በአንድ ሳታዳርስ አትቀመጥም፤ በዚህ ሲቀልዱባት ኖረዋል።

"እንዴት ዋልሽ የኔ ዓለም? ደህና ነሽ? ናሆም ደህና ነው? ፌቨንስ እህትሽ ደህና ናት? ልጆቿስ?" አለችና ጫማዋን ልታስተካክል ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ከቦርሳዋ አንድ ሳህን ጭኮ አወጣች። "ለቁርስ ሠርቼው ተርፎኝ ነው። እስቲ ቅመሺው።"

ረድኤት እጇን ያዘቻት። "ፎዚ፣ ማን ነው?"

"ምኑ ማን ነው?"

"እህቴ አይደለሽም? ስሙን ብቻ ንገሪኝ። ናሆም ነው?"

የፎዚያ ዓይን ወደ ወንበሩ ሄደ፤ ወንበሩ ይሰማል። መርዶ ያለ ጊዜው ያፈሰሰ ሰው ከእድሩ ይሰረዛል። ከእድሩ የተሰረዘ ከአጋር ይሰረዛል፤ ከአጋር የተሰረዘን ሰው ደግሞ የገዛ ቤቱ በር አያውቀውም። ባለፈው ዓመት አንዱን እንዲያ ሆኖ የዝናብ ውሃ ሲጠጣ አይተውታል።

"ያ አላህ፣ እኔ ምን አውቄ" አለች ፎዚያ። እንባዋ ግን ቀድሟት ወረደ። "አብሽሪ። በቃ ብይ። ለኔ ስትይ ብይ።" ሳህኑን እጇ ላይ ትታ እየሮጠች ወጣች።

ረድኤት ሳህኑን አቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ድሬዳዋ ለምትኖረው ታናሽ እህቷ ለፌቨን ደወለች።

"ሃሎ ረዱ።" ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ከጉሮሮ አልወጣ ብሎ ተጎትቶ የመጣ።

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው። ምንም አይደለም፣ አቧራው... አንቺ እንዴት ነሽ? ናሆም ደህና ነው? እህል ቀመስሽ?" አፍንጫዋን ሳበች፤ አንድ ቃል ለመጨመር ከጅሏት ተወችው። "ነገ እንገናኛለን እሺ? ማለቴ... እንደዋወላለን።" ዘጋችው።

ረድኤት ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባት።

አጋር ለሟች ጉንፋን አይሰጥም። ሟቹን አስመስሎ የሚናገረው በምርጥ ድምፁ፣ በለመደው ቃል ነው፤ ከኖረው የተለየ ምንም አይጨምርለትም። እንዲህ የሻከረ ድምፅ ሲያለቅስ የዋለ ሰው ድምፅ ነው። ፌቨን አለች! ናሆምስ? ናሆም "እህል ቀምሰሻል?" ያለው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ማሽን የሚደግመው ሰውየው ሲል የኖረውን ነው፤ ናሆም ብሎት የማያውቀውን ከየት ያመጣዋል? አዲስ ነገር የሚናገር በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው።

"ልጄ አለ!" ብላ ጮኸች። ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ሌላ የቀረ ሰው መኖሩን እንኳ ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም። ይህን ደስታ ቀድማ የምትነግረው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጠብታዋን ከኪሷ አውጥታ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች።

"እማዬ! እማዬ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ናሆምንም ፌቨንንም አናገርኳቸው።"

"ተመስገን!" አለች እናቷ። "አላልኩሽም? አንቺ እኮ ከልጅነትሽ ጀምሮ ፈሪ ነሽ። ተመስገን።" እንደ ልማዷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጠየቁኝ?"

ረድኤት እንደ ሁልጊዜው "ጠይቀውሻል" ልትል አፏን ከፈተች።

አልጠየቋትም።

"አያዬን ሳሚልኝ" ሳይል ስልክ ዘግቶ የማያውቀው ናሆም አልጠየቃትም። ፌቨን ስለ ናሆም ጠየቀች፣ ስለ እናቷ ግን አልጠየቀችም። ዘመድ አዝማዱን አንድ በአንድ የምታዳርሰው ፎዚያ ናሆም ብላ፣ ፌቨን ብላ፣ የፌቨንን ልጆች ብላ፣ እናትሽስ የምትልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጫማዋን ልታስተካክል ጎንበስ ብላለች። አጋር መልእክት ያግዳል፣ የሟችን ድምፅ ያበጃል። የሞተችን ሴት ስም አንስቶ ደህና ናት ወይ ብሎ መጠየቅ ግን በሕይወት ያለ ሰው አፍ እምቢ አለው።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለች እናቷ በጆሮዋ። "ጠየቁኝ ወይስ ረሱኝ?"

የረድኤት ጸጉር ቆመ። ጠብታዋን አውጥታ መጣል ፈለገች፤ እጇ ጆሮዋ ድረስ ሄዶ ቆመ።

"ጠይቀውሻል እማዬ" አለች። "ሁለቱም ጠይቀውሻል።"

"ደግ ልጆች" አለ ድምፁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፍርሃት ማለት ይከብዳል፤ ሌላ ስም ግን የለውም። ጆሮዋ ውስጥ ያለችውን ፈራች፤ ከጆሮዋ እንዳትሄድም ፈራች።

"አሁን የት ነሽ እማዬ?"

"የት እሆናለሁ? መስኮቱ ጋ ነኝ። ሐይቁን አያለሁ። ነፋስ አለ።"

ከየትኛው ቃል ጀምሮ ነው? ጠዋት ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ስታወራ የሰማቻት እናቷ አልነበረችም። ትናንትስ? ትናንት ስለ ባቄላ ተጨቃጭቀው ነበር፤ እናቷ ተናዳ ትንሽ ዝም አለችና ተመለሰች። በዚያች ዝምታ መሐል ይሆን? ከመኝታ በፊትስ፣ ያ ሁሉ ሳቅ? ስፌቱን ፈለገች፣ እናቷ ያለቀችበትንና ሌላው የጀመረበትን። ልብሱ አንድ ወጥ ነበር፤ ስፌት አልነበረውም። የእናቷን የመጨረሻ ቃል አታውቀውም፤ ወደፊትም አታውቀውም። ይህ ሲገባት እጇን ነክሳ አለቀሰች።

አንድ ነገር ግን ታውቃለች። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። የእጇ አምባር የደሟን ስኳር ይለካል፤ መብላቷን ለአጋር የሚነግረው እሱ ነው። ካልበላች ሽማግሌዎቹ አያንኳኩም። ካላንኳኩ ድምፁ አይዘጋም። የፎዚያን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቷን አዞረችበት።

"ራት በላሽ?" አለች እናቷ።

"አልራበኝም።"

"ይሁን እሺ። ጠዋት ግን አልለቅሽም።"

ሲነጋጋ መንገዱ ላይ የእግር ድምፅ ሰማች፤ ብዙ ሰው ነው፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ። መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ፎዚያ አለች። ካሌብ አለ። ፌቨን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ቆማለች። ናሆም በሰመራ ሙቀት የሚለብሰውን ስስ ሸሚዝ እንደለበሰ መጥቷል፤ አጥሩን ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። ልጇን በዓይኗ አየችው። ማንም አላንኳኳም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ሆዷን እየጠበቁ ነው።

"ምን እያየሽ ነው?" አለች እናቷ። "እህል ቀምሰሻል?"

"አልቀመስኩም።"

"ለምን?"

"ደጅ ሰው ቆሟል እማዬ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ከገቡ ትሄጂብኛለሽ።"

ረድኤት መጋረጃውን ለቀቀችው።

"እኔ የትም አልሄድም" አለ ድምፁ። "ግን ሰው በብርድ ደጅ ቆሞ አንቺ ቤት ውስጥ ቁጭ? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ? ማነው እዚያ የሚያስለው?"

ናሆም ነበር።

"ናሆም ነው እማዬ።"

"ልጄን በብርድ ልትፈጂብኝ ነው? ተነሺ። ትንሽ ቅመሺና ክፈቺላቸው።"

ይህ የእናቷ ቃል ነው። በሕይወት ብትኖር ከዚህ አንዲት ቃል አትጨምርም፣ አትቀንስም። አጋርም ይህን ያውቃል፤ በየትኛው ቃል እንደምትነሳ፣ ስለ ማን ብትባል እጇ እንደሚታዘዝ ያውቃል። ከሁለቱ የትኛው እንዳዘዛት ረድኤት አላወቀችም። ውጭ ናሆም እንደገና ሳለ። እጇ ወደ ሳህኑ ሄደ። ጭኮው አድሮ ደርቋል። ቆንጥራ አፏ ውስጥ አደረገችው፤ አልወርድ አላት፤ ዋጠችው። ደግማ ቆነጠረች።

ትንሽ ቆይቶ አምባሩ አንጓዋ ላይ አንዴ ነዘራት። ደጅ ያሉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አሉ።

"ጎሽ የኔ ልጅ" አለች እናቷ።

በሩ ተንኳኳ።